ዝናቡ 61 ሺህ ሰው አመጣ፤ በርበሬውን ማን ይይለት?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። በቤቴ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ልጄ በስልኳ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ታወጣልኛለች። አንድ ቀን የተሰጣ በርበሬ ላይ ድንገት ዝናብ ወርዶ ጎረቤቱ ሁሉ ለማንሳት ሲሯሯጥ የቀረጸችውን 61 ሺህ ሰው አየው፤ ተከታያችን በሁለት ቀን ከ300 ወደ 2,400 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የዕቃውን ፎቶ በዘፈን እያቀናበርን ዋጋና ስልክ እየጻፍን እናወጣለን፤ አንዱም ከ400 ሰው አያልፍም። ኮሜንቱም ልብና እሳት ብቻ ነው። ገጹ ታግዶብን ይሆን? በቀን ስንት እናውጣ? ላይቭ መግባትስ ይጠቅመናል? እንዲያዩኝ ብቻ ሳይሆን እንዲጠይቁኝ፣ እንዲመለሱ፣ እንዲገዙኝ ነው የምፈልገው።»

መልስ፦

አብሽሩ፤ ገጽዎ የታገደ አይመስለኝም። ለማረጋገጥ ልጅዎ ቅንብር ውስጥ ገብታ የአካውንቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ክፍል ትክፈተው፤ ጥሰት ካለ እዚያ ተጽፎ ታገኘዋለች። ከዚያ የአንዱን ቪዲዮ አናሊቲክስ፣ ማለትም የተመልካቹን ቁጥሮች የሚያሳየውን ክፍል፣ ትክፈትና ተመልካቹ ከየት እንደመጣ ትይ። «ፎር ዩ» ከሚለው የመጣ ሰው ካለ፣ ቪዲዮው ለማያውቋችሁ ሰዎች እየቀረበ ነው ማለት ነው። ቀርቦላቸዋል፤ እነሱ ግን አልፈውታል።

ቲክቶክም፣ የኢንስታግራም ሪልስም፣ የዩቲዩብ ሾርትስም የሚያሰራጩት እያንዳንዱን ቪዲዮ ለየብቻው ነው። አዲስ ቪዲዮ በመጀመሪያ ለጥቂት ሰው ይቀርባል። እነዚያ ሰዎች ወዲያው አሳለፉት ወይስ ቆዩ? እስከ መጨረሻው አዩት? ደግመው አዩት? ለሌላ ሰው ላኩት? ጻፉበት? መልሱ ጥሩ ሲሆን ለሚቀጥሉት ብዙዎች ይከፈታል፤ ካልሆነ እዚያው ይቆማል። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ በጥር 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንደተናገረው፣ ሪልስ ላይ ከሁሉ የሚበልጡት ሰው የቆየበት ጊዜ፣ ላይክ እና ለሌላ ሰው መላክ ናቸው፤ ገጹን ለማያውቁ ሰዎች ለመድረስ ደግሞ መላኩ ይበልጥ ይመዝናል። አንድ ሰው በርበሬዎን አይቶ ለእህቱ እንዲልከው የሚያደርገው ምንድን ነው? የኪሎ ዋጋ የተጻፈበት ፎቶ ማንም ለማንም አይልክም።

የመጡት 2,100 ሰዎች የመጡት ደግሞ ለዝናቡ ነው። ሳቁ፣ ደነገጡ፣ «ደረሱለት ይሆን?» ብለው እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ ተመሳሳይ ነገር እናያለን ብለውም ተከተሉ። በማግስቱ ያገኙት ማስታወቂያ ነው። አዲሱ ቪዲዮ መጀመሪያ ከሚቀርብላቸው መካከል ተከታዮች ስለሚገኙበት፣ የእነሱ ማለፍ ለቀጣዩ ስርጭት መጥፎ ምልክት ሆነ። ብዙ ገጾች በአንድ ታዋቂ ቪዲዮ ማግስት የሚደርቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዝናብ አይጠብቁ፤ ዝናቡ ውስጥ የነበረውን ነገር ይውሰዱ። ያ ቪዲዮ ሦስት ነገር ነበረው። ገና በመጀመሪያው ሴኮንድ ሊበላሽ የደረሰ ነገር ይታያል። ፍጻሜው አይታወቅም። ሥራው በሰው እጅ ላይ ነው። የእርስዎ ሙያ ደግሞ ሊበላሽ በሚችል ነገር የተሞላ ነው፦ በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፤ ቅመሙ ሲታመስ አንድ ደቂቃ ካለፈበት ይመርራል፤ ከወፍጮ እንደወጣ ትኩሱን ከታሸገ ላብ ያወጣና ይጓጉላል። እያንዳንዱ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ነው። ሁልጊዜ የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ ለእርስዎ ተራ ነገር ይመስላል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጣ የተፈጨ በርበሬ በከረጢት የምትገዛ ሴት ግን አይታው አታውቅም፤ ወይም በልጅነቷ እናቷ ግቢ ያየችው ነው፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ይይዛታል።

አከፋፈት ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው እዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሴኮንዶች ውስጥ ጣቱ ወደ ላይ መግፋቱን ወይም መቆሙን ይወስናል። እኛ አገር ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወሬ መጀመር ነውር ነው፤ ወሎ ውስጥማ የቤተሰቡ ጤና ተጠይቆ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ስለዚህ አብዛኛው የእኛ ሰው ቪዲዮ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ የተወደዳችሁ ተከታታዮቼ» ብሎ 6 ሴኮንድ ይወስዳል፤ ሰዉ በ2ኛው ሄዷል። ሰላምታውን ይተዉት አልልም። ሥራው ከታየ በኋላ፣ ከ8ኛው ሴኮንድ ገደማ ጀምሮ፣ እጅዎ እየቀነጠሰ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበሉት። አለዚያም በኮሜንት ያድርጉት፤ በስማቸው እየጠሩ ሰላም የሚሏቸው ሰዎች ያኔ የበለጠ ደስ ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ምስል ላይ ፊት ብቻ፣ ባዶ ግቢ ወይም የገጹ ስም አይሁን። እጅና ዕቃ ይሁን፣ እየተንቀሳቀሰ። ከ5 እስከ 7 ቃል የሆነ ጽሑፍ ይጨመርበት፤ ጽሑፉ ጥያቄ ወይም የሚያስደነግጥ እውነት ይሁን። በ1080 በ1920 ፒክስል ምስል ላይ ከታች 400 ገደማ፣ ከቀኝ 150 ገደማ የሆነውን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ የቲክቶክ ቁልፎችና የገጹ መግለጫ ይሸፍኑታል። ብዙ ሰው ስልክ ቁጥሩን እዚያ ጽፎ «ማንም አልደወለልኝም» ይላል።

አንድ ቪዲዮ በሴኮንድ ከፋፍዬ ላሳይ፤ ጉዳዩ የበርበሬ ቀለም ይሁን። ብርሃንና ሙቀት የበርበሬን ቀይ ቀለም ያደበዝዛሉ፤ ይህን በሁለት ጠርሙስ ማሳየት ይቻላል፤ አንዱን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ፣ ሌላውን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ጥቂት ሳምንታት አቆይቶ። ከ0 እስከ 3 ሴኮንድ፦ ሁለቱ ጎን ለጎን ነጭ ሳህን ላይ ይገለበጣሉ፤ ድምፁ፣ «ሁለቱም ባንድ ቀን የተፈጩ ናቸው። የዚህኛው ቀለም የት ሄደ?» ከ3 እስከ 10፦ ጠርሙሱ የነበረበት መስኮት፣ ፀሐይዋ እየገባችበት፤ ምክንያቱን ገና አይናገሩ፣ ይታይ። ከ10 እስከ 22፦ መልሱ፣ ከዚያም ሦስት ነገር በተግባር፦ ከወፍጮ የመጣው ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ፣ ብርሃን የማያስገባ ጣሳ ውስጥ ሲገባ፣ ደረቅ ማንኪያ ብቻ ሲነካው። ከ22 እስከ 28፦ «እናንተ ቤት በርበሬ የሚቀመጠው በጣሳ ነው፣ በጠርሙስ ነው፣ ወይስ በፕላስቲክ ባልዲ?» መጨረሻው ላይ እጅዎ እንደገና ሁለቱን ሳህኖች አጠገብ ለአጠገብ ያድርጋቸው፤ ቪዲዮው ሲደገም ከመጀመሪያው ምስል ጋር ይገጥማልና ሰው ሳያውቀው ሁለተኛ ዙር ያያል። «ስላያችሁኝ አመሰግናለሁ» የሚል መዝጊያ አይጨምሩ፤ ገና ቃሉ ሲጀመር ሰው ይወጣል።

በአማርኛ በተረጋጋ አነጋገር በሴኮንድ 2 ቃል ያህል ነው የሚወጣው። ለ28 ሴኮንድ ከ55 ቃል በላይ አይጻፍ። 90 ቃል ከሆነ ጉዳዩ ሁለት ነው፤ ሁለት ቪዲዮ ይሁን።

ስለ ቀረጻው፦ ኮምቦልቻ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ከላይ ስለሚወርድ ፊትን በጥላ ይሸፍናል፣ በርበሬውን ደግሞ ምስሉ ላይ ከመጠን በላይ ያፈካዋል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ቀን ግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ወይም የበሩ ደፍ ውስጥ ጥላ ላይ ሆነው፣ ፊትዎን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረው ይሥሩ፤ ከጎን ነጭ ጨርቅ ቢዘረጋ ጥላውን ያለሰልሰዋል። ጉም የያዘው የደሴ ጠዋት ለቀረጻ እንደዚህ ያለ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፤ ለግዢ ሰኞ ገበያ ሲወጡ ልጅዎ ስልኳን ሞልታ ትሂድ።

ቀይ ቀለም ለስልክ ካሜራ አስቸጋሪ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ሲበዛ ሁሉም አንድ ደማቅ ቀይ ይሆንና ቅንጣቱ አይለይም። ስክሪኑ ላይ በርበሬው ያለበትን ቦታ ጣት አሳርፋ ትቆይ፤ ሲቆለፍ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች ታውርደው፣ የዱቄቱ ቅንጣት ተለይቶ እስኪታይ። ይህን ካላደረገች እጅዎ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል ይፈካል። ሌንሱን ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ትጥረገው። በበርበሬ ቤት ሌንስ ላይ ዱቄትና ዘይት መቼም አይጠፋም፤ «ስልኬ ጥራት የለውም» የሚባለው ግማሹ ይኸው ነው።

ማታ አምፖል ስር ሲቀረጽ ምስሉ ላይ የሚሮጥ ጥላ ካዩ፣ ምክንያቱ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ መሆኑና ስልኩ በሴኮንድ 30 ፍሬም መቅረጹ ነው። ስልኩ 25 ፍሬም የሚል ምርጫ ካለው እሱን፣ ከሌለው ፕሮ በሚለው ክፍል የመዝጊያ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ታድርገው። የቀረውን ሁሉ 1080 ላይ ይቅረጹ። 4ኬ አያስፈልግም፤ ስልኩን ይሞላል፣ አፕሊኬሽኑም ጨምቆ ያሳንሰዋል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ሆኖ የተዘጋጀ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ 37 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዳታ ለመቆጠብ በሌሊት ጥቅል መጫን ከፈለጋችሁ፣ ከኮምፒውተር ቲክቶክ ስቱዲዮ ገብቶ የሚወጣበትን ሰዓት ማስያዝ ይቻላል፤ ስልክ ላይ «ድራፍት» ተብሎ የተቀመጠው ግን ገና አልተጫነም፣ ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ግቢ ውስጥ የተናገሩትን አይጠቀሙ። ምስሉ ከተቀረጸ በኋላ መኝታ ቤት ገብተው፣ ብርድ ልብስና ልብስ ባለበት፣ ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ንግግሩን ለብቻ ይቅረጹ። የሥራውን ድምፅ ግን አያጥፉት፤ ሙቀጫው፣ ምጣድ ላይ የሚንጣጣው ኮረሪማ፣ የደረቀ በርበሬ ሲንሿሿ፣ ዝቅ ብሎ ከንግግርዎ ስር ይሰማ። ታዋቂ ዘፈን ከመደረብ ይሻላል፤ የንግድ ገጽ ታዋቂ ዘፈኖችን የመጠቀም ፈቃድ የለውም፣ ቪዲዮውም ድምፁ ሊጠፋበት ይችላል። ሙዚቃ ካሰኛችሁ፣ ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በደጃችሁ ባሉ አገሮች ስም የተጠሩ ናቸው። አንድ የሠፈር ማሲንቆ ተጫዋች ከፍላችሁና አስፈቅዳችሁ 20 ሴኮንድ ብታስጫውቱ፣ ገጻችሁ ገና ሲሰማ የሚታወቅ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል።

ጽሑፍ በእያንዳንዱ ላይ ይኑር፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው። ቪዲዮ ማቀናበሪያው ካፕካት በራሱ ሰምቶ እንዲጽፍ ከመጠበቅ በእጅ ቢጻፍ ይሻላል፣ ወፍራም ፊደል፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ያልበለጠ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ኮሜንቱ። ልብና እሳት የሚመጣው ቪዲዮው ሌላ የሚባል ነገር ስለማይተው ነው። «ኮሜንት አድርጉ፣ ሼር አድርጉ» ማለት አይሠራም፤ «ምን ትላላችሁ?» ማለትም አይሠራም፣ ሰው አስቦ መጻፍ ይከብደዋል። የሚሠራው በአንድ ቃል የሚመለስና ሁለት ወገን ያለው ጥያቄ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ በእርጥቡ ነው የሚደለዘው ወይስ ደርቆ ነው የሚገባው? ጥቁር አዝሙድ ይግባ ወይስ ይቅር? ሽሮው አተር ነው ባቄላ? እንዲህ ሲጠየቅ ከጎንደርም ከሸዋም ከወሎም ሰው ይነሳል፤ የእናቱን አሠራር የማይከራከርለት የለም።

ከዚያ በኋላ ትልቁ መሣሪያ ለኮሜንት በቪዲዮ መመለስ ነው። ቲክቶክ ላይ ኮሜንቱን ነክተው መልስ ሲሉ የካሜራ ምልክት ይመጣል፤ በዚያ የተቀረጸው ቪዲዮ ላይ የጠያቂው ጽሑፍ ተለጥፎ ይወጣል። ጠያቂው ማሳወቂያ ይደርሰዋል፣ ይመጣል፣ ያመሰግናል፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ይጠይቃል። ሌላው ተመልካችም እዚህ ቤት የጠየቀ መልስ ያገኛል ብሎ ይጽፋል። ንቁ ተከታይ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ አጋዥ ነው። ከምታወጧቸው ሦስት ቪዲዮዎች ቢያንስ አንዱ እንደዚህ ያለ መልስ ይሁን።

«ጠያቂ የለኝም» ካሉ፣ አለዎት፤ ደንበኞችዎ በስልክና በር ላይ የሚጠይቁዎትን ልጅዎ በደብተር ትጻፈው። 30 ጥያቄ ለመሙላት ሁለት ሳምንት አይፈጅም። «ሽሮዬ ለምን ድስት ላይ ይጓጉላል?» «ሚጥሚጣ ለምን ያስነጥሰኛል?» «ሸክላ የተቀላቀለበት በርበሬ እንዴት ይታወቃል?» የመጨረሻው ብቻውን ገጽ ያቆማል፦ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ላይ መነስነስ፤ ሸክላና አሸዋ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ የተጨመረ ቀለም ካለ ውሃውን ወዲያው ያቀላዋል፣ በርበሬው ግን ላይ ቆይቶ ቀስ እያለ ነው የሚሰምጠው። ይህ የቤት ሙከራ እንጂ የላቦራቶሪ ምርመራ አለመሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ የማንንም ሱቅ ስምና ከረጢት አያሳዩ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በዚህ አካሄድ እናንተም 5,000ን ታልፋላችሁ።

ለዚሁ ሲባል፣ የማን አገር በርበሬ ይበልጣል የሚለውን ክርክር አያንሱ። ለጊዜው ኮሜንቱ ይጥለቀለቃል፤ ሦስተኛው ሰው ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ከበርበሬ ወጥቶ ወደ ብሔር ይገባል። ቅንብር ውስጥ ቃላትን መርጦ የሚያግድ ማጣሪያ አለ፤ ስድቦቹን ቀድማችሁ አስገቡ። አሠራር ላይ ብቻ ይከራከሩ።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት የምትመልስ ሰው ስልኩ አጠገብ ትኑር። ለልብ በልብ አትመልስ። «እርስዎስ ስንት ጊዜ ነው የሚያስፈጩት?» ብላ በጥያቄ ትመልስ፤ ከአንድ ኮሜንት ሦስት ይሆናል። የሚመላለሱትን በስም ትያዛቸው። አራተኛ ጊዜ የጻፈች ሴት «የሐርቧ እህታችን መጡ» ስትባል ከዚያ በኋላ የገጹ ቤተኛ ናት።

በቀን ስንት ለሚለው፦ በቀን ሳይሆን በሳምንት 3፣ ሳይቋረጥ። በቀን አራት የሚያወጡ ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ሐሳብ ያልቅባቸውና ወደ ፎቶና ዘፈን ይመለሳሉ። በአንድ የሥራ ቀን የሦስቱን ምስል መቅረጽ ይቻላል፤ ቅንጠሳውና ማስጣቱ አንድ ቀን፣ ማመሱና ወፍጮ ቤቱ ሌላ ቀን። አንዱን ጆንያ ከገበያ እስከ ጣሳ ተከታትላችሁ በ6 ክፍል ብታወጡት ሰው ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን ላየው ሰው የተሟላ መሆን አለበት፣ 3ኛውን መጀመሪያ የሚያይ ብዙ ነውና።

የተመልካችን ግራፍ ማንበብ ይልመዱ። አናሊቲክስ ውስጥ ሰው ስንተኛው ሴኮንድ ላይ እንደወጣ የሚያሳይ መስመር አለ። በመጀመሪያው 2 ሴኮንድ ገደል ከገባ አከፋፈቱን ይለውጡ፤ ጉዳዩን አይጣሉት፣ ያንኑ ጉዳይ በሌላ አከፋፈት እንደገና ይሥሩት። መሐል ላይ በአንድ ቦታ ከወረደ እዚያ ቦታ ላይ አሰልቺ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳይቆረጥ የቀረ ዝምታ ነው። ቀስ እያለ እኩል ከወረደ ረዝሟል። መሐል ላይ ከፍ ካለ ሰው ወደ ኋላ መልሶ አይቷል፤ መጠን የተነገረበት ቦታ ከሆነ፣ ያ መጠን ብቻውን ሌላ ቪዲዮ ይሁን። ለመነሻ ያህል፣ ከ20 ሴኮንድ በታች ለሆነው አማካይ የቆይታ ጊዜው 70 ፐርሰንት፣ ለ40 ሴኮንዱ 50 ፐርሰንት እንዲደርስ ያልሙ። ይህ ድርጅቶቹ ያወጡት ደንብ አይደለም፤ ለሥራ የሚመች መለኪያ ነው። በደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ አከፋፈቱን፣ ርዝመቱን፣ የቆይታ ጊዜውን፣ ስንት ሰው እንደላከው፣ ስንቱ እንዳስቀመጠው፣ ስንት እውነተኛ ጥያቄ እንደመጣ ይጻፉ። ቪው መጨረሻ ላይ ይጻፍ። ከ10 ቪዲዮ በፊት አይፍረዱ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ።

ያንኑ ቪዲዮ ሪልስና ሾርትስ ላይ ያውጡት፤ ነገር ግን ከቲክቶክ አውርደው ሳይሆን ከካፕካት የወጣውን ንጹሑን። ኢንስታግራም የሌላ አፕሊኬሽን ዋተርማርክ (ምስሉ ላይ የሚታተም ምልክት) ያለበትን ለማያውቁት ሰዎች ማቅረብ እንደሚቀንስ ከ2021 ጀምሮ ተናግሯል። የሾርትስን የቪው ብዛት ብቻ አይተው አይታለሉ፤ ዩቲዩብ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ወይም እንደተደገመ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ስለዚህ ተልቆ ይታያል። ፎሎው ለፎሎው፣ የተገዛ ተከታይ፣ 20 ሀሽታግ፣ ያልታየውን ማጥፋትና መልሶ መጫን፣ አንዱም አይጠቅምም። የተገዛ ተከታይማ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ሲቀርብለት አያይም።

ወቅቱን አይርሱ። እናንተ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁዳዴም ረመዳንም ይያዛል። ሰው በርበሬና ሽሮ የሚያስበው ጾሙ ሲገባ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ የማከማቸትና የመጠን ቪዲዮዎቹ 3 ሳምንት ቀድመው ይውጡ። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ፣ የአምናውን ቀን አይከተሉ። በዚያ ወር ለሾርባና ለሳምቡሳ የሚሆን ቅመም ከምሽቱ ማዕድ በፊት ባሉት ሰዓታት ብዙ ይፈለጋል።

ስለ መሸጡ፦ ዋጋ ቪዲዮ ላይ አይጻፉ። የበርበሬ ዋጋ ይለወጣል፣ ቪዲዮው ግን ከሦስት ወር በኋላም እየዞረ «አታላዮች» ያሰኛችኋል። ዋጋው ቴሌግራም ቻናል ላይ ተሰክቶ ይቀመጥና በየሳምንቱ ይታደስ፤ ከፕሮፋይሉ ላይ ወደዚያ የሚወስድ አንድ ሊንክ ብቻ ይኑር። እዚያ የገቡት 200 ሰዎች ቲክቶክ ላይ ካሉት 2,400 ይልቅ የእርስዎ ናቸው፤ ገጹ አንድ ቀን ቢዘጋ እንኳ አይጠፉም። በኪሎ ሚዛን ላይ ሲመዘን፣ ሲታሸግ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ሲጫን የሚያሳይ ቪዲዮ በወር አንድ ጊዜ ይውጣ፤ በቴሌብር ቀድሞ ለመክፈል የሚፈራን ሰው ከምስክርነት ቃል ይልቅ ይህ ያሳምነዋል። ከራሱ ከቲክቶክ ክፍያ አይጠብቁ፤ ለፈጣሪዎች የሚከፍለው ፕሮግራም ለተወሰኑ አገሮች ብቻ የተከፈተ፣ 10,000 ተከታይ፣ በ30 ቀን 100,000 ቪውና ከ1 ደቂቃ የሚረዝም ቪዲዮ የሚጠይቅ ነው። «ጨጓራ ያድናል፣ ደም ያጠራል» የሚል የጤና ወሬም አይጨምሩበት።

ላይቭን በተመለከተ፣ ይጠቅማል፣ ግን ዛሬ አይደለም። ለመግባት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ተከታይም በአብዛኛው 1,000 ይጠየቃል፤ ልጅዎ ካልሞላት ፊት ለፊት የሚቀመጡት እርስዎ ይሁኑ፣ አካውንቱም በእርስዎ ዕድሜ የተከፈተ ይሁን። በመጀመሪያ 12 ያህል ቪዲዮ ይውጣና ጠያቂ ይኑር። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ እሑድ ማታ 2 ሰዓት፣ እጅዎ ሥራ ይዞ ይግቡ፤ ዝም ብሎ ካሜራ ማየት በ10 ደቂቃ ያልቃል፣ በርበሬ እየቀነጠሱ ግን 40 ደቂቃ ይጫወታል። ከደብተሩ 5 ጥያቄ አስቀድመው ይምረጡ፤ ሰው ሳይበዛ የሚመለሱት እነሱ ናቸው። ልጅዎ ከካሜራው ጀርባ ሆና የሚመጡትን ስም ታንብብልዎት። ስጦታ ላኩልኝ አይበሉ። በመብራት መጥፋት ከተቋረጠ፣ በዚያው ሌሊት ለመጨረሻው ጠያቂ በቪዲዮ ይመልሱለት።